ሳንቶሪኒ ለሁለት ሰው

ቅዳሜ፣ ዩኒ 22፣ 1996

ይኼን ደብተር የገዛሁት ሌላ ነገር ልጽፍበት ነበር፤ ዛሬ ግን የሚጻፍ ነገር ራሱ መጣ። በሆቴላችን የበጋ ግብዣ ላይ የቶምቦላ ዕጣ ወጣልኝ። ዐይኔን የጣልኩት በሦስተኛው ዕጣ፣ በሊጥ ማቡኪያው ማሽን ላይ ነበር። ቁጥሬ ሲጠራ ማሽኑ የደረሰኝ መስሎኝ ሳጥኑን በምን ተሸክሜ ልወስደው ነው ብዬ ጠየቅኩ። ሰው ሁሉ በሳቅ ወደቀ። ለካስ የደረሰኝ አንደኛው ዕጣ ነው። ፖስታ ሰጡኝ፤ ሳንቶሪኒ፣ የግሪክ ደሴት፣ አንድ ሳምንት፣ ለሁለት ሰው፣ ከአውጉስት 10 እስከ 17፣ በእኛ ነሐሴ መግቢያ ላይ። የሁለተኛውን ሰው ስም እስከ ዩሊ 20 ለጉዞ ቢሮው ማስመዝገብ አለብኝ።

ፎቶውን ደጋግሜ አየሁት። እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ግማሹን ውጦት የተረፈ መሬት ነው አሉ። ነጫጭ ቤቶች ገደል አፋፍ ላይ ተደርድረዋል፤ ከታች ባህር ነው። ፍራንክፈርት ዐሥራ አራት ዓመት ስኖር ባህር ያየሁት በቴሌቪዥን ብቻ ነው። ሥራዬ የሰው አንሶላና ፎጣ ማሳጠብ ነው፤ ሰው የተኛበትን እንጂ ሄዶ ያየውን አላውቅም።

ቤት ገብቼ ለሰሎሜ ነገርኳት። "ቶል" አለችኝ፣ ስልኩን ከጆሮዋ ሳታነሳ። ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ጥሩ ነው ማለቷ ነው። አባቷ ኪዳነ፣ ወንድሙን ሊጠይቅ ካርቱም እንደሄደ፣ እዚያው ካረፈ ሰባት ዓመት ሆነ። በዚህ ቤት ያለነው ሁለት ነን፣ ትኬቱም ሁለት ነው። ታዲያ ምኑ ያሳስባል? ግን ያሳስበኛል።

እሑድ፣ ዩኒ 23

ከቅዳሴ በፊት ለሰብለወንጌል ብቻ ነገርኳት። ከቅዳሴ በኋላ ሁሉም ያውቃል። ጓደኛዬ ናት፣ እወዳታለሁ፣ እሷ ጋ ወሬ አያድርም።

"አውጉስት 10? ፍልሰታ ውስጥ?" አለች አንዷ። እውነቴን ነው፣ አላሰብኩትም። ጾሙ በአውጉስት 7 ይገባል። ሌላዋ ከኋላዬ ሆና ሰው በእመቤታችን ጾም ራቁቱን ባህር ውስጥ ሊንቦራጨቅ ነው ስትል ሰማኋት። ራቁቴን ማን አለ? እርግጥ የዋና ልብስ የለኝም።

ከሄክስት ወደ ጻይልስሃይም በሚሄደው አውቶቡስ እንደ ወትሮው ከሀብተ ጊዮርጊስ ጋር ተመለስን። ሀብተ ጊዮርጊስ ሃውፕትቫኸ ባቡር ጣቢያ ምድር ቤት ትንሽ ሱቅ አለው፤ ጫማ ይጠግናል፣ ቁልፍ ይቀርጻል። ድሮ የሕግ ተማሪ ነበር። ቤቱ ከእኛ ሁለት ፌርማታ አልፎ ነው፤ እሑድ እሑድ ግን ከእኛ ጋር ይወርድና የቀረውን በእግሩ ይሄዳል። ለጤናዬ ነው ይላል። ደሴቲቱ ደረጃ የበዛባት ናት፣ የቀኝ ጫማሽ ተረከዝ ደግሞ ላልቷል፣ ስጪኝና ልስፋልሽ አለኝ። የጫማዬን ተረከዝ መቼ እንዳየው አላውቅም። ይኼን የጻፍኩት ጫማውን መስጠት እንዳልረሳ ነው።

ረቡዕ፣ ዩኒ 26

በችኮላ። እንግዳ ሞልቷል፣ ሁለት ሠራተኞች ቀርተውብኛል። ሰብለወንጌል እኔ ልምጣ ትላለች፤ አብራኝ ከሄደች ስለ እያንዳንዱ ደረጃ ሳምንቱን ሙሉ ታወራለች። ሰሎሜን ጠየቅኳት፣ "ከእናቴ ጋር ባህር ዳር? ፓይንሊኽ" አለችኝ። ያሳፍራል ማለት ነው። እኔ አሳፍራለሁ? ሳስበው ዋልኩ። "ለምን ጋሼ ሀብቴን አትወስጂውም?" ብላ ደግሞ ሳቀች። አፏን እንድትይዝ ነገርኳት።

ጫማውን ሰጥቼዋለሁ።

እሑድ፣ ዩኒ 30

ዛሬ ቆራጥ ሴት ሆኜ ዋልኩ።

ከሰዓት በኋላ ዐሥር ሰዓት ላይ በር ተንኳኳ። አቶ ሰይፈ ገብርኤል ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ የሁሉም ታላቅ፣ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ። ከሁለት አዛውንት ጋር፣ በዚያ ሙቀት ሦስቱም ሙሉ ልብስ ለብሰው ክራቫት አስረዋል። እንዲቀመጡ ለመንኳቸው።

"ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ። ሰሎሜ የት እንዳለች ጠየቁኝ። የዋንጫውን ጨዋታ ልታይ ጓደኛዋ ቤት ሄዳለች አልኳቸው። እሷም ብትኖር ደግ ነበር አሉ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉና የመጡት ስለ እኔው እንደሆነ፣ በራሳቸውም እንዳልመጡ፣ ሰው ልኳቸው እንደሆነ መናገር ጀመሩ።

ደሜ ፈላ። ሽማግሌ ወይ ለልጃገረድ ይላካል ወይ ለተጣላ። እኔ አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ከማንም አልተጣላሁም። ስለዚህ ያቺ ከኋላዬ ስታማኝ የነበረችው ሴት በፍልሰታ ልሄድ ነው ብላ ልታስገሥጸኝ ነው። ልጄንም ጨምረው ሊቆጡ! በቤቴ!

"ለምን እንደመጡ አውቃለሁ" አልኳቸው። "መልሴ እምቢ ነው። ለላከዎት ሰው ይንገሩልኝ፤ የራሴን ነገር ራሴ አውቃለሁ፣ ሁለተኛ በዚህ ጉዳይ ደጄ ሰው እንዳይልክብኝ።"

አቶ ሰይፈ ገብርኤል ባርኔጣቸውን አነሡ፣ በጣም በቀስታ "ደኅና ዋይ ልጄ" አሉኝ፣ ሦስቱም ተከታትለው ወጡ። ውሃ እንኳ አልቀመሱም።

ማታ ጀርመን ዋንጫውን በላ። መኪናው ሁሉ ጡሩምባውን ሲነፋ አመሸ። ለእኔም የሚነፉ መስሎኝ በመስኮት ሳይ ነበር።

ረቡዕ፣ ዩሊ 3

አሁንም ልክ ነበርኩ። ትንሽ ቃሌ ከሮ ይሆናል፤ ግን ልክ ነበርኩ።

እሑድ፣ ዩሊ 7

ሀብተ ጊዮርጊስ በአውቶቡሱ አልተመለሰም። ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ ሰላም ልለው ስዞር በጎን በር ወጥቷል። ጫማዬ ተሰፍቶ በሰሎሜ እጅ ተላከልኝ፣ በፌስታል። ስፌቱ ያማረ ነው። ምንም መልእክት የለውም፤ ፌስታሉን ሁለቴ አየሁት።

ምን አደረግኩት? ምንም። ቢሄድ ይሂድ። አውቶቡሱ ሰፊ ነው፣ ቦርሳዬን አጠገቤ አስቀምጬ መጣሁ።

ቅዳሜ፣ ዩሊ 13

ሰብለወንጌል ሁለት ሳምንት ስልክ ሳትደውል ቆይታ ዛሬ መጣች። ሳትቀመጥ ጀመረች። "አንቺ ልብሽ ድንጋይ ነው። አልፈልግም ማለት አንድ ነገር ነው። ሽማግሌ ተልኮ፣ አፋቸውን ሳይከፍቱ፣ ያንን የመሰለ ሰው እንዲህ ይዋረዳል?"

የትኛው ሰው አልኳት። ደንግጣ ተቀመጠች። "ሸዋዬ፣ ለምን የመጡ መሰለሽ?"

ለፍልሰታ አልኳት።

ስቅታ እስኪይዛት ሳቀች። ከሳቁ ውስጥ ነው የነገረችኝ። የላካቸው ሀብተ ጊዮርጊስ ነው። ሚስት እንድትሆነኝ እፈልጋለሁ ብሎ ነው የላካቸው። አቶ ሰይፈ ገብርኤል ለዚያ ቀን ክራቫት ገዝተዋል።

ሰብለወንጌል ከሄደች በኋላ እዚህ ወጥ ቤት ቁጭ ብያለሁ። እኔ ልጃገረድ አይደለሁም ብዬ አሰብኩ እንጂ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል ብዬ እንዴት አላሰብኩም? ሰባት ዓመት ሙሉ ሁለት ፌርማታ በእግሩ የሄደ ሰው ለጤናው መሰለኝ። ክረምትም እኮ ነበር። በረዶ ላይ እኮ ነበር። አንቺ ደደብ፣ አንቺ አፈ ፈጣን። "ሁለተኛ ደጄ ሰው እንዳይልክብኝ" አልሽ፣ እሱ ደግሞ ቃል የሚያከብር ሰው ነው።

እርግጥ፣ ሳልጠየቅ እምቢ ማለቴ ነው ያሳዘነኝ። ሥነ ሥርዓት ስለሆነ።

ሰኞ፣ ዩሊ 15

አቶ ሰይፈ ገብርኤል ቤት፣ ቬስትኤንድ ሰፈር ሄድኩ። አበባ ገዛሁ፣ ጉልበታቸውን ስሜ ይቅርታ ጠየቅኩ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ሳይስቁ ለመቆየት ሞከሩ፤ አልቻሉም።

"ልጄ፣ ሰላሳ ዓመት በሽምግልና ስሄድ ብዙ እምቢ ሰምቻለሁ" አሉኝ። "ጥያቄውን ሳልጠይቅ መልሱን ይዤ የተመለስኩት ግን ካንቺ ቤት ብቻ ነው።"

እንግዲያው እባክዎ ይመለሱ አልኳቸው። ሽማግሌ በራሱ አይሄድም፣ የሚልከው ሰው ያስፈልገዋል፣ ሀብተ ጊዮርጊስ ደግሞ ጉዳዩ ሁለተኛ እንዳይነሣ ብሏል አሉኝ። ደግሞ የሚጠየቀው ቤተሰብ ነው እንጂ ሴትየዋ ራሷ አትጠየቅም፤ ያን ቀን ሰሎሜን የፈለግነው ለዚያ ነው አሉ። እዚህ አገር ቤተሰብሽ ማን አለ ብለው ጠየቁኝ።

ከሰሎሜ ሌላ ማንም።

ሐሙስ፣ ዩሊ 18

ከሥራ ስወጣ ወደ ሃውፕትቫኸ ምድር ቤት ወረድኩ። ሦስት ጊዜ በሱቁ ፊት አልፌ በአራተኛው ገባሁ። ሀብተ ጊዮርጊስ ቁልፍ እየቀረጸ ነበር። አየኝ፣ ማሽኑን ግን አላጠፋውም። ከፊቴ አንዲት ጀርመናዊት ተሰልፋ ነበር፤ እስክትሄድ ቆምኩ።

"እምቢታዬ ለአንተ አልነበረም" አልኩት።

"ለማን ነበር?"

"ለፍልሰታ።"

ያኔ ማሽኑን አጠፋው። ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኩት። አልሳቀም። በእጁ የያዘውን ቁልፍ ገለበጠው፣ እንደገና ገለበጠው።

"በዚህ ሁለት ሳምንት ስንት ቁልፍ እንዳበላሸሁ ታውቂያለሽ?" አለኝ። "ሰው ሁሉ በሬ አልከፈትም አለ እያለ ይመለሳል።"

ማለት የነበረብኝን ሳልል፣ አቶ ሰይፈ ገብርኤል ካልተላኩ አይመጡም አልኩት። ልላካቸው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ምን አውቃለሁ፣ እሑድ እሑድ ቤት ነኝ አልኩት። ይኼ መልስ ነው? ለአርባ ስድስት ዓመት ሴት?

ስለ ደሴቲቱም ተነሣ። ሰርግ ሳይኖር ለጫጉላ አይኬድም፣ ሰሎሜን ይዘሻት ሂጂ አለኝ። ሲስቅ አየሁት። እስከ ባቡሩ ድረስ እኔም እንደሳቅሁ ነው የሄድኩት፤ ሰው እያየኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ ዩሊ 20

የሰሎሜን ስም አስመዘገብኩ። በቲሸርት ባህር እንዳልገባና በሰው ፊት "እናቴ" ብዬ እንዳልጠራት አስፈርማኛለች። ኢነንሽታት፣ መሃል ከተማ፣ ሄደን የዋና ልብስ ገዛን፤ የእኔን እሷ መረጠችው። ጥቁር ነው፣ ጨዋ ነው፣ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

እሑድ፣ ዩሊ 28

መጡ። እኔ ወጥ ቤት ነበርኩ፣ ማንኪያ ይዤ፣ ከበሩ ጀርባ። የምትጠየቅ ሴት መሃል አትቀመጥም ብላ ሰብለወንጌል ከለከለችኝ። ሰሎሜ ነጭ ሸሚዝ ለብሳ ሳሎን ብቻዋን ሆና ተቀበለቻቸው።

አቶ ሰይፈ ገብርኤል የቆሙበት ላይ ሆነው ተናገሩ። ባለፈው የቀረባቸውን ጨምረው ነው የተናገሩት። ስለ ሀብተ ጊዮርጊስ አባት፣ ስለ ትምህርቱ፣ ስለ ፀባዩ፣ ስለ እጁ ሙያ፤ እኔ ከበሩ ጀርባ ማንኪያውን ነክሼ አሁንስ ይበቃል እላለሁ። አውቀው ነው ያረዘሙት። ልጄን ደግሞ "አንቱ" አሏት። "የእርስዎን ፈቃድ ልንጠይቅ ነው የመጣነው" ሲሏት ሰማሁ።

ወንበር ተንቀሳቀሰ፣ ቦርሳ ተከፈተ።

"ቴርሚን እሰጣችኋለሁ" አለች ሰሎሜ፤ ቀጠሮ ማለቷ ነው። "እሑድ፣ አውጉስት 18፣ ዐሥር ሰዓት።" የትምህርት ቤት ደብተሯ ላይ ጻፈችው።

ሽማግሌዎቹ ደስ አላቸው። ወዲያው እሺ የሚል ቤተሰብ ልጁን አያከብርም፣ ዛሬ ይኼ ቤት ሥርዓት አገኘ አሉ። ያኔ ተቀመጡ፣ በሉ፣ ጠጡ። እኔን ግን ማንም አልጠየቀኝም፤ ምድጃው አጠገብ እየሞትኩ ነበር።

ሲሄዱ ሰሎሜን ያዝኳት። ሰብለወንጌል ናት ወዲያው እሺ አይባልም ያለችኝ አለች። ሦስት ሳምንት በይ ማን አለሽ አልኳት። ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። የዕድሜዋ ነገር ነው። ወይም ስለ ዋና ልብሱ አሁንም ተናዳብኝ ይሆናል።

ዓርብ፣ አውጉስት 2

የልጄ ደጅ ጠኚ ሆኛለሁ። ተራዋ ቢሆንም ሳህኑን እኔ አጥባለሁ፣ ጂንሷን እተኩሳለሁ። ሙዚቃዋን ጥሩ ነው እላለሁ፤ ጥሩ አይደለም። ሀብተ ጊዮርጊስ ወደ አውቶቡሱ ተመልሷል፤ ነገሩ እስኪያልቅ ግን ፊት ወንበር ላይ ነው የሚቀመጠው፣ እኛ ኋላ። ማጅራቱ ላይ ጸጉሩን ተስተካክሎ አየሁት።

ቅዳሜ፣ አውጉስት 10። ሳንቶሪኒ

ደረስን። አውሮፕላኑ ሲወርድ የሰሎሜን እጅ ጨብጬ አሳመምኳት። ያረፍንበት ቤት ባለቤት ጥቁር የለበሰች ባልቴት ናት። እራት ሥጋ ስታቀርብልኝ አማትቤ እምቢ አልኳት። እሷም አማተበች፣ ደረቷን መታ መታ አደረገች፣ ሥጋውን አብረውን ላረፉት ጀርመኖች ገፋችው። ለካስ እነሱም ለእመቤታችን ይጾማሉ። ከቢጫ አተር ክክ የተሠራ፣ ሽንኩርትና ዘይት የፈሰሰበት አመጣችልኝ። የክክ አልጫ ነው፤ ዕርድ ብቻ ነው የጎደለው። እዚያ ፍራንክፈርት ያሙኝ ሴቶች ይኼን ቢያዩ።

ማክሰኞ፣ አውጉስት 13

በጀልባ ወደ እሳተ ገሞራው ሄድን። መሬቱ ጥቁር ነው፣ አንዳንድ ቦታ ሲነኩት ይሞቃል፣ ጭስ ይወጣዋል። ሰሎሜ ተንበርክካ መዳፏን አሳረፈችበትና ብዙ ቆየች። ከዚያ ቀና ብላ፣ ባባ ዋና ይችል ነበር ወይ ብላ ስለ አባቷ ጠየቀችኝ።

አይችልም ነበር አልኳት፣ ምሳ ሰዓት ደርሷል፣ ጀልባው ያመልጠናል አልኳት። ጀልባው አንድ ሰዓት ይቀረው ነበር። ለምን እንደዚያ አደረግኩ? ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የማደርገው።

ሐሙስ፣ አውጉስት 15

እዚህ ጾሙ ተፈታ። ደወል፣ ሰልፍ፣ የተጠበሰ በግ። ባልቴቷ ሳህን ሞልታ አመጣችልኝ፤ የእኔ ገና ሳምንት ይቀረዋል ብዬ በጣቴ ሰባት አሳየኋት። አዘነችልኝ። ሰሎሜ የሁለታችንንም ድርሻ በላች። ማታ ግን ዐይኗ ቀልቶ ነበር፤ የፀሐይ ክሬም ገባብኝ አለች። እሺ አልኳት።

ዓርብ፣ አውጉስት 16

ነገ እንመለሳለን፣ ከነገ ወዲያ ሽማግሌዎቹ ይመጣሉ። ዛሬ ቀኑን ጥቁር አሸዋ ያለበት ባህር ዳር ዋልን። እስከ ወገቤ ገባሁ፣ ሞገዱ ገፋኝ፣ ጮህኩ፣ ሰሎሜም አላፈረችብኝም፤ ከዳር ሆና ትስቃለች። ወጥቼ ፎጣዋ ላይ አጠገቧ ልቀመጥ ስል ግን ቆም አልኩ። ትናንት ማታ ዐይኗን ያቀላው ክሬም እንዳልሆነ አውቃለሁ። አውቄ ዝም ማለት ለምጄ ነው።

"ጠይቂኝ" አልኳት። "ስለ አባትሽ የፈለግሽውን።"

መነጽሯን አወለቀች። የጠየቀችኝ ግን እሱን አልነበረም። "ሽማግሌዎቹ በር ላይ ሲቆሙ ያ ጠዋት ትዝ አለኝ" አለች። "መርዶውን ሊነግሩሽ የመጡ ጊዜም እንደዚያ ቆመው ነበር። እኔ በፒጃማ ነበርኩ። ሰብለወንጌል ጃኬት ደረበችልኝና ወደ ቤቷ ወሰደችኝ። ሦስት ቀን ካርቱን አሳየችኝ። ባባ መሞቱን የነገረኝ የልጇ ጓደኛ ነው፣ ኳስ እየተጫወትን።"

ይኼን አላውቅም ነበር። ሰባት ዓመት አብሬያት ኖሬ አላውቅም ነበር።

"ያኔ ማንም ምንም አላለኝም" አለች። "አሁን ደግሞ ሦስት ትልልቅ ሰዎች ክራቫት አስረው እኔን ጠየቁኝ። ወዲያው እሺ ብል ያልቅ ነበር። ትንሽ ልጠየቅ ብዬ ነው።"

ይቅርታ አልኳት። ከዚያ ስለ ኪዳነ ነገርኳት። ውሃ ይፈራ እንደነበር፣ ማይን ወንዝ ዳር ዳክዬ ሲያሳያት እንኳ ቀበቶውን እኔ እንድይዝለት ያደርግ እንደነበር። ሳቀች፣ እንባዋም መጣ፣ እኔም እንደሷው። ሞገዱ ይመጣል ይሄዳል። አሸዋው እግሬን ይለበልበኛል፤ አንዱን ሳነሣ አንዱን ሳሳርፍ ቆየሁ።

"ለምን አትቀመጪም?" አለችኝ።

"ጉዳዬ አልተሰማም" አልኳት። እጄን አጣመርኩ፣ ጨው የጠጣ የዋና ልብሴን ለብሼ። "ሀብተ ጊዮርጊስን ማግባት እፈልጋለሁ። ሌላ ሰው ልኮኝ አይደለም፣ እኔው ነኝ የምፈልገው። ካንቺ ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም።"

ይኼን ቃል ለማንም ብዬው አላውቅም፤ እዚህ ደብተር ላይ እንኳ አልጻፍኩትም። ሰሎሜ ወደ ባህሩ አየች። አልቸኮለችም። እኔም ያ ሁሉ ሰው እያየኝ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ እግሬ ቆሜ ጠበቅኋት፤ በሕይወቴ አንዲት ቃል ሳልናገር እንዲህ የቆየሁበት ጊዜ የለም።

በመጨረሻ ፎጣው ላይ ጠጋ አለችልኝና በእጇ አጠገቧን መታ መታ አደረገች።

"ተቀመጪ" አለችኝ።